ልጄ አልባለገም

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የድሬ ልጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ ልጆች የአንጎል ዕጢ እንድናገር ነው። ታውቁኛላችሁ፤ ከቤቴ ልጀምር።

ልጄ አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎለት፣ ማጅራቱ በኩል፣ ትንሹ አንጎል በሚባለው ክፍል ላይ ኦፕራሲዮን ተደረገ። ዕጢው ወጣ። ሲነቃ «እማዬ» አለኝ። በማግስቱ ዝም አለ። ውሃ እንኳ አይጠይቅም። ያለቅሳል፣ ማንም ሊያባብለው አልቻለም። አንዱ «አኩርፎ ነው» አለኝ፣ ሌላው «ዓይን ነው» አለኝ። ነገሩ ግን ሕክምናው ድሮ የሚያውቀው ነው። እዚያ ቦታ ኦፕራሲዮን የተደረጉ አንዳንድ ልጆች በቀናት ውስጥ ንግግራቸው ይጠፋል። ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። ታዲያ አስቀድሞ የነገረኝ ማን ነው? ማንም! ለማስፈረም ጊዜ ነበራቸው፤ ይህችን ለመንገር ግን አጡ።

ንግግሩ ተመለሰ። ጎረቤቱ ሁሉ «ተመስገን፣ አልሐምዱሊላህ፣ አለቀ» አለ። አላለቀም። ሳቢያን ካለው ሱቅ ዳቦና ሳሙና እንዲያመጣ ላክሁት። ሲቆይብኝ ሄጄ አየሁት። ብሩን ጨብጦ በሩ ላይ ቆሟል፤ የቱን እንደሚያስቀድም ጠፍቶታል። ክፍል ውስጥ ከሰሌዳ ሲገለብጥ መስመሩን ሳይጨርስ ይጠፋበታል። በትንሽ ነገር ይቆጣል።

ትንሹ አንጎል ለሚዛንና ለእንቅስቃሴ ብቻ ነው ይባል ነበር። ጄረሚ ሽማህማን የተባለ የነርቭ ሐኪም ከባልደረባው ጋር በፈረንጆቹ 1998 ባወጣው ጥናት፣ እዚያ ሲጎዳ ዕቅድም ቋንቋም ስሜትም እንደሚናጋ አሳየ። ትምህርት ቤት ግን ልጄን «ሰነፍ፣ ባለጌ» ብለው አንበረከኩት። ከአንጎሉ ዕጢ የወጣለትን ልጅ ማንበርከክ! ድምፄን ከፍ ያደረግሁት አውቄ ነው። ልጄ አልባለገም! የእናንተም አልባለገም!

ሁለተኛው የውሃው ጉዳይ ነው። አንጎል በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ፈሳሽ ያመነጫል። መተላለፊያው በትንሹ አንጎል አጠገብ ነው፤ ከኦፕራሲዮን በኋላም ሊዘጋ ይችላል። ሲዘጋ ፈሳሹ አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል። ጠዋት ጠዋት ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ ካበዛ «የድሬ ሙቀት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ቁስሉ ካበጠ ወይም ውሃ የመሰለ ነገር ከወጣው የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ ማጅራት ገትር ሊያመጣ ይችላል። ሻንት፣ ማለትም የተጠራቀመውን ፈሳሽ ከአንጎል የሚያወጣ ቱቦ፣ የገባለት ልጅ ደግሞ ቱቦው ከዓመታት በኋላም ሊደፈን ይችላል።

ሐኪሞች፣ ይህን ሁሉ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ንገሩን፤ መውጫ ወረቀቱ ላይም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ጻፉልን። መምህራን፣ ፊት አስቀምጡት፣ አንድ ነገር ሲጨርስ ሌላውን ስጡት፣ ፈተና ላይ ሰዓት ጨምሩለት። ከሰኞ ጀምሩ።

አመሰግናለሁ።