የኮኮዳ መንገድ፦ ተሸካሚውም ይበላል

[ምስል፦ የፓፑዋ ኒው ጊኒ ካርታ፤ ከሰሜኑ ዳርቻ ወደ ፖርት ሞርስቢ የምትጠማዘዝ ቀጭን መስመር]

ይህች ቀጭን መስመር የኮኮዳ መንገድ ናት። ርዝመቷ 96 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ነገር ግን የኦወን ስታንሊን ተራሮች ለመሻገር መኪና አይገባባትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1942፣ ጃፓኖች በደቡብ ወዳለችው ዋና ከተማ ወደ ፖርት ሞርስቢ ሊገፉ በሰሜን ሲያርፉ፣ አውስትራሊያውያን ሊገቷቸው በእግራቸው ወጡ።

[ምስል፦ ጭቃ የዋጠው ቁልቁለት]

ቀድሞ የደረሰው 39ኛው ሻለቃ አብዛኛው ወጣት ተጠባባቂ ነው። የለበሱት ካኪ ነበር፤ ለበረሃ አሸዋ የተሰፋ ልብስ፣ በአረንጓዴ ጫካ ውስጥ ከሩቅ የሚለይ። ዝናቡ ስለማያባራ ልብስ አይደርቅም፣ እግር ይላላጣል። ጠላት የሚታየው ጥቂት እርምጃ ሲቀር ነው፤ አንዳንዴም ተኩሱ ብቻ ይሰማል። በወባና በተቅማጥ ከግንባር የወጣው ሰው በጥይት ከወጣው ይበልጣል። ደጋ አድጎ ቆላ የወረደ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

እኔን የሚገርመኝ ግን የስንቁ ሒሳብ ነው።

[ምስል፦ ጆንያ የተሸከሙ ፓፑዋውያን፣ በተራራ ጥግ]

ሩዙም ጥይቱም የሚወጣው በፓፑዋ ተሸካሚዎች ትከሻ ነበር። ተሸካሚውም ይበላል። ሥራውን ይመሩ የነበሩት በርት ኪንዝል አሰሉት፤ ምግብ ብቻ የያዘ ሰው ሸክሙን ራሱ በ13 ቀን ይጨርሰዋል። አንድ ወታደር ልቀልብ ካለ ደግሞ ለሁለቱ የሚበቃው 6 ቀን ተኩል ነው። ከመነሻው እስከ አሎላ፣ መንገዱ ላይ እስካለችው መንደር፣ ግን 8 ቀን ይፈጃል! በዚያ ላይ አንድ ቁስለኛ በቃሬዛ ለማውረድ ስምንት ሰው ያስፈልጋል፤ እነዚያው ሩዝ ሲያወጡ የነበሩት ሰዎች።

ስለዚህ ኪንዝል ከአውሮፕላን ስንቅ የሚጣልበት ገላጣ ሜዳ ፈልገው ማዮላን አገኙ። ብዙው ሣጥን ያለ ጃንጥላ ስለሚወረወር ይሰባበራል፣ ወይም ጫካ ውስጥ ይጠፋል። ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

[ምስል፦ መስመሩ ወደ ደቡብ ሲረዝም]

ይኸው ሒሳብ ጃፓኖችንም አልማራቸውም። አውስትራሊያውያን ባፈገፈጉ ቁጥር ወደ ስንቃቸው ይቀርባሉ፤ ጃፓኖች በገፉ ቁጥር ከስንቃቸው ይርቃሉ። በሴፕቴምበር ኢዮሪባይዋ ሸንተረር ላይ ሲደርሱ ፖርት ሞርስቢ ቅርብ ነበረች፣ ሩዙ ግን አልቆ ነበር። ጓዳልካናል በምትባለው ደሴት ላይም እየተሸነፉ ስለነበር «ተመለሱ» የሚል ትእዛዝ መጣላቸው።

አሁን መስመሩ የሚረዝመው በአሳዳጆቹ በአውስትራሊያውያን ላይ ሆነ። ኖቬምበር 2 ቀን ኮኮዳ መንደር ሲገቡ ግን በዚያ ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበረች። ከዚያ በኋላ ሩዙ በክንፍ ይገባ ጀመር።