ሰዓቱ ከየት ተነሥቶ የት ይቆማል?

ክቡራንና ክቡራት፣ የወደብና የኤርፖርት ጤና ባለሙያዎች፣ የጉዞ ወኪሎች፣ የኮቪድን ወረርሽኝ ቼክ ኢን መስኮት ላይ ቆማችሁ ያሳለፋችሁ ሁሉ፤

የተሰጠኝ ርዕስ ሰፊ ነው፤ ምርመራ፣ ክትባት፣ ለይቶ ማቆያ፣ የመግቢያ ቅጽ። ሁሉንም እነካለሁ። የመጣሁት ግን ከሻይ ዕረፍት በኋላ ድምፅ የምትሰጡበት የጉዞ ጤና ረቂቅ ቅጽ ስለዘለለው ስለ ሰዓት ቆጠራ ለመናገር ነው፤ ብዙ ጊዜ የምወስደውም እዚያ ላይ ነው።

«መንገደኛው በ72 ሰዓት ውስጥ የተደረገ የፒሲአር (ቫይረሱን የሚፈልግ የላቦራቶሪ ምርመራ) ውጤት ይያዝ» ይል ነበር በወረርሽኙ ጊዜ የብዙ አገሮች ሕግ። ከመቼ እስከ መቼ?

አንድ መንገደኛ እንውሰድ። እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ናሙና ሰጠ። ውጤቱ ሰኞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ወጣለት። የሚበረው ማክሰኞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፤ መንገዱ ከነትራንዚቱ 14 ሰዓት ይፈጃል። ከናሙናው እስከ መነሻው ሲቆጠር 62 ሰዓት ነው፤ ያልፋል። ከናሙናው እስከ መድረሻው ሲቆጠር 76 ነው፤ ይወድቃል። ውጤቱ ከወጣበት እስከ መድረሻው ደግሞ 42 ብቻ ነው፤ እንደገና ያልፋል። ሰውየው ያው፣ ወረቀቱ ያው! በረራው 11 ሰዓት ከዘገየ ደግሞ የመጀመሪያውም ስሌት 73 ይገባና ይበላሻል፤ ለዚያውም መንገደኛው ምንም ሳያጠፋ።

ትክክለኛው መነሻ ናሙናው የተወሰደበት ሰዓት ነው። ምርመራው የሚናገረው ስለዚያች ቅጽበት ብቻ ነውና። ናሙና በሰጠ ማግሥት በቫይረሱ የተያዘን ሰው ዛሬ የታተመ ወረቀት ነጻ አያደርገውም። ሆኖም ስንቱ ላቦራቶሪ የናሙናውን ሰዓት ትቶ የታተመበትን ቀን ብቻ ጽፎ ሰጠ!

ፍርዱስ በማን ላይ ወደቀ? በእናንተ ላይ። በቺካጎ ስምምነት (በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት) አባሪ 9 መሠረት መግባት የተከለከለን መንገደኛ መልሶ የመውሰድ ኃላፊነት ያለበት ያመጣው አየር መንገድ ነው። ስለዚህ የመስኮቱ ሠራተኛ ቲማቲክን፣ የአገሮች የመግቢያ ሕግ የሚታይበትን የአየር መንገዶች የመረጃ ቋት፣ ከፍቶ ያነብባል፤ ካልገባው «አይሆንም» ይላል። ሕጉን ያረቀቀው ሰው ሻንጣ ይዞ ከሚያለቅስ ቤተሰብ ፊት አልቆመም። የቆማችሁት እናንተ ናችሁ! ያልጻፋችሁትን እንድትተረጉሙ፣ ያላወጣችሁትን እንድትፈርዱበት ተደረገ።

ደግሞ ግልጽ ሕግ መጻፍ የማይቻል ነገር አልነበረም። አሜሪካ በዲሴምበር 2021 ገደቡን ከበረራ በፊት ወዳለው 1 ቀን ስታሳጥር በሰዓት ሳይሆን በቀን ቆጠረች፤ ዓርብ ለሚበር ሰው ሐሙስ በየትኛውም ሰዓት የተሰጠ ናሙና በቂ ነበር። ገደቡ ጠባብ ነበር፣ ላቦራቶሪ ለማግኘትም አስቸግሯል፤ ግን ማንም ሊያነብበው ይችል ነበር። ከጁላይ 2021 ጀምሮ የሠራው የአውሮፓ ኅብረት ዲጂታል ሰርተፊኬትም ናሙናው የተወሰደበትን ቀንና ሰዓት ይዞ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም አቀፉ የጤና ደንብ አንቀጽ 43 መንገደኛን ከ24 ሰዓት በላይ የሚያዘገይ ወይም መግቢያ የሚከለክል ተጨማሪ እርምጃ የወሰደ አገር፣ እርምጃውንና የጤና ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያሳውቅ ያዛል። መልካም። አየር ላይ ላለው መንገደኛስ? አዲስ ሕግ «ከዚህ ሰዓት በኋላ የደረሰ» ሲል አየር ላይ ያለውን ሁሉ ያጠምዳል፤ «ከዚህ ሰዓት በኋላ የተነሣ» ሲል ያድነዋል።

የቀረውን በአጭሩ። በክትባት በኩል ብዙ አገሮች ከመጨረሻው ዶዝ በኋላ 14 ቀን ይጠብቁ ነበር፤ ሰው ይቆም የነበረው ግን በአብዛኛው የካርዱ ስም ከፓስፖርቱ ስም ጋር ፊደል በፊደል ስለማይገጥም ነበር። ያገገመ ሰው ፒሲአሩ ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ስለሚችል የማገገሚያ ሰርተፊኬት አማራጭ ያስፈልገዋል። የመግቢያ ቅጹ ኪውአር ኮድ በስልክ ብቻ አይያዝ፤ ባትሪ ያልቃልና በወረቀትም ይታተም። ስለ ለይቶ ማቆያ ከእኔ በኋላ የሚናገሩት ባልደረባዬ ይሻላሉ።

በእጃችሁ ያለው ረቂቅ ቅጽ አራት መስመር ይጎድለዋል፦ ቆጠራው ከናሙናው ሰዓት ይጀምራል፤ በመጀመሪያው በረራ መነሻ ያበቃል፤ በረራ ሲዘገይ 24 ሰዓት ይጨመራል፤ አዲስ ሕግ ቀድሞ የተነሣን በረራ አይነካም። ከሻይ ዕረፍት በኋላ ድምፅ ሲሰጥ እነዚህ አራቱ ሳይገቡበት እንዳታጸድቁት እጠይቃለሁ።