የቃል ዝርዝሩን ከሰሌዳው እናውርደው

የተከበራችሁ የሰሜን ሸዋ የእንግሊዝኛ መምህራን፣ ርእሳነ መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ የልጆቻችሁ ነገር ከሥራ አስነስቶ ያመጣችሁ ወላጆች፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከእነዋሪና ከሸዋ ሮቢት በክረምት ጭቃ ደብረ ብርሃን ድረስ የመጣ ሰው የምስጋና ጋጋታ ሰምቶ መመለስ የለበትምና በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

መርሐ ግብሩ ላይ ከስሜ ጎን የተጻፈው «የቃላት ትምህርት አሰጣጥ» ነው። ርእሱ ሰፊ ነው። እኔ የምናገረው ግን ስለ አንድ ግስ ነው፤ ስለ «ቴክ»። አራት ፊደል ብቻ ያላት፣ ልጆቻችን ገና በታችኛው ክፍል የሚተዋወቋት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሰውም የምትጥላቸው ግስ ናት።

እንዴት እንደምትጥላቸው ከአንድ የፊዚክስ ጥያቄ እንይ። አንድ ድንጋይ 45 ሜትር ከፍታ ካለው ገደል አፋፍ ይለቀቃል። ጥያቄው «ቴክ ጂ አዝ 10» ይላል፤ «ጂ» በመሬት ስበት የሚመጣው የፍጥነት ለውጥ መጠን ናት። ቀጥሎ «ቴክ ዳውንዋርድ አዝ ፖዘቲቭ» ይላል። መጨረሻ ላይ «ሃው ሎንግ ዳዝ ኢት ቴክ ቱ ሪች ዘ ግራውንድ?» ብሎ ይጠይቃል። አሠራሩ ቀላል ነው። ከፍታውን በ2 አባዛ፣ 90 ነው። ለ10 አካፍል፣ 9 ነው። የ9 ስኩዌር ሩት 3 ነው። ድንጋዩ በ3 ሰከንድ መሬት ይደርሳል።

አንድ ተማሪ ለዚህ ጥያቄ «35 ሜትር» ብሎ መለሰ። መልሱን አይታችሁ አትሳቁ፤ ከየት እንዳመጣው እንከተለው። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ «ቴክ 3 ፍሮም 7» ሲባል ከ7 ላይ 3 ቀንስ ማለት መሆኑን ተምሯል። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ቴክ» ማለት «ወሰደ» ነው ተብሎ ደብተሩ ላይ ጽፏል። ሁለቱን አገናኘና 10ሩን ከ45ቱ ላይ ወሰደው፤ 35 ቀረው። ሜትሩስ? «ሎንግ» ማለት «ረጅም» ነው ተብሏልና «ሃው ሎንግ» ሲል «ምን ያህል ይረዝማል» የተባለ መሰለው። ስለዚህ በሜትር መለሰ። እያንዳንዱ እርምጃው እኛ ከሰጠነው ዝርዝር የተቀዳ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን «ፎርሙላ አያውቅም» ተብሎ ተጻፈበት። ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ሲነግሩት ፎርሙላውን ጽፎ፣ ቁጥሮቹን ተክቶ፣ 3 ሰከንድ ብሎ አስረከበ።

በዚያች አጭር ጥያቄ ውስጥ «ቴክ» ሦስት ጊዜ መጥታለች። መጀመሪያ «ጂን 10 ነው ብለህ ያዝ» አለች። ቀጥላ «ወደ ታች ያለውን አቅጣጫ ፖዘቲቭ አድርግ» አለች። ከዚያ «ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?» አለች። በሦስቱም ቦታ «ወሰደ» የለም። ታዲያ ይህን ልጅ የጣለው ፊዚክስ ነው? አይደለም! የጣለው በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ተባዝቶ የሚሸጠው፣ እኛም ሰሌዳ ላይ የምንገለብጠው ዝርዝር ነው። በግራ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ መሐል ላይ የእኩል ይሆናል ምልክት፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ቃል። «በቀን 20 ቃል» እያልን እናሸመድዳለን። በወሩ መጨረሻ ልጁ ዝርዝሩን በቃሉ ይወጣዋል፤ አንድ አንቀጽ ስጡት፣ ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አያልፍም። ከዚያ «የዛሬ ተማሪ ሰነፍ ነው» እንላለን። ሰነፍ ተማሪ 600 ቃል አይሸመድድም! በታማኝነት የሸመደደውን ልጅ፣ የሸመደደው ነገር ስለከዳው፣ ደካማ ብለን መፈረጅ ነውር ነው። ወላጆች ባሉበት ልናገረው ብዬ ነው የመጣሁት።

አንድ ግስ ብዙ ትርጉም መያዙ የእንግሊዝኛ ተንኮል የሚመስለው ካለ የራሳችንን «ያዘ» ይይ። ሌባ ይያዛል። ጉንፋን ይይዛል፣ እንቅልፍ ይይዛል፣ መንገድ ላይ ዝናብ ይይዛል። ሰው ሥራ ይይዛል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ ጠበቃ ይይዛል፣ ቂም ይይዛል። የተከልነው ችግኝ ይይዛል፣ ክትባት ይይዛል፣ እሳት የበዛበት ሽሮ ድስቱን ይይዛል። ትምህርት በቃል ይያዛል። የመንዝ ወይም የተጉለት የሰባት ዓመት ልጅ እነዚህን ሁሉ ያለ ስሕተት ይናገራል። ማንም «ያዘ አንደኛ፣ ያዘ ሁለተኛ» ብሎ አላስጠናውም። ጉንፋንን ከ«ያዘኝ» ጋር፣ ቀጠሮን ከ«ያዝኩ» ጋር፣ ችግኝን ከ«ያዘ» ጋር አብሮ ሰምቶ አብሮ አስቀመጣቸው። ግሱን ከነባልንጀራው ተቀበለ ማለት ነው። የዛሬው ክርክሬ በሙሉ ይኸው ነው፤ እንግሊዝኛውም እንደዚሁ ይሰጥ።

የቋንቋው ባለቤቶችም ቢሆኑ በአንድ ፍቺ አልተገላገሏትም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ለዚች ግስ 134 ፍቺ ሰጥቷታል። (ይህ ሰው ከዚያ 20 ዓመት ቀደም ብሎ የፖርቹጋላዊውን ሚሲዮናዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ነው፤ አገራችንን በወረቀት ያውቃት ነበር።) ቃሏ ራሷ ለእንግሊዝኛ እንግዳ ነበረች። የጥንት እንግሊዞች «ኒማን» ነበር የሚሉት፤ «ቴክ» ከስካንዲኔቪያ ሰፋሪዎች «ታካ» መጥታ ቦታውን ያዘች። ከአሮጌው ግስ ከተረፉት አንዱ «ነም» የሚለው ቃል ነው፤ በደብረ ብርሃን የኅዳር ማለዳ ጣታችን የሚሆነው፣ የደነዘዘ።

እንግዲህ 134 ፍቺ እናስተምር? የለም። ለትምህርት ቤት የሚበቃው አራት ክፍል ነው።

አንደኛው የእጅ «ቴክ» ነው፤ ቦርሳውን ወሰደ፣ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደ። እዚህ «ወሰደ» ትክክል ነው። ተቃራኒዋ «ብሪንግ» ናት፤ ከተናጋሪው ሲርቅ «ቴክ»፣ ወደ ተናጋሪው ሲመጣ «ብሪንግ»። አማርኛም በ«ወሰደ» እና በ«አመጣ» እንዲሁ ስለሚለይ ልጆች አይቸገሩም። የሚሳሳቱት ውጤት ሲናገሩ ነው። «80 አመጣሁ» እንላለንና «አይ ብሮት 80» ብለው ይጽፋሉ። «አይ ጎት 80» መሆኑን እዚያው ቦታ ላይ አርሙ።

ሁለተኛው ክፍል ግሷ ባዶ የምትሆንበት ነው። ትርጉሙን የሚሸከመው ተከታዩ ስም ነው። «ቴክ ኤ ፎቶ» ፎቶ አነሳ፣ «ቴክ ኖትስ» ማስታወሻ ያዘ፣ «ቴክ ኤ ሲት» ተቀመጠ፣ «ቴክ ኤ ሬስት» ዐረፍ አለ፣ «ቴክ ኤ በስ» በአውቶቡስ ሄደ፣ «ቴክ አን ኤግዛም» ተፈተነ። የፊዚክሱን «ቴክ ጂ አዝ 10»ም፣ «ነው ብለህ ያዝ» የሚለውን፣ ከዚሁ መድቡት፤ ባልንጀራዋ «አዝ» ናት። ልጁ «ካች ኖት» ብሎ የሚጽፈው ከ«ያዘ» ተነሥቶ ስለሚተረጉም ነው። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ «ኖትስ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ሲያገኝ «ቴክ ኖትስ» ብሎ እንዲያገኘው ማድረግ። እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አለ። «ሻወር ወሰድኩ»፣ «ፈተና ወሰድኩ»፣ «ብዙ ሰዓት ወሰደብኝ» የሚለው አነጋገር እኛ መምህራን አፍ ውስጥ ገብቷል። ታጠብኩ፣ ተፈተንኩ፣ ብዙ ሰዓት ፈጀብኝ እያለ የኖረውን አማርኛ ማደኽየቱ አንድ ጉዳት ነው። ሌላው ደግሞ ልጁ «ወሰደ» በየትኛውም ቦታ ይሠራል ብሎ እንዲያምን ማድረጉ ነው፤ ይህ እምነት ነው ፊዚክሱ ላይ 35 ያስጻፈው።

ሦስተኛው የጊዜ «ቴክ» ነው፤ ብዙ የሚበላሸውም እዚህ ነው። ልጆቻችን «አይ ቴክ ቱ አወርስ ቱ ዎክ» ይላሉ። ትክክለኛው «ኢት ቴክስ ሚ ቱ አወርስ ቱ ዎክ» ነው። ቅደም ተከተሉን በቀለም ጠመኔ ለዩት፦ «ኢት»፣ ግሷ፣ ሰውዬው፣ ጊዜው፣ ከዚያ «ቱ» እና ሥራው። ይህን በሰዋስው ስያሜ ለማስረዳት አትድከሙ፤ አማርኛው ራሱ ያስረዳላችኋል። «ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ» ስንል ፈጂው እኔ አይደለሁም፤ «ብኝ» የሚለው እኔን ተቀባይ ያደርገኛል። እንግሊዝኛውም «ሚ» ብሎ እዚያው ያስቀምጠኛል። «ወሰደ» ብለን ባናስተምር ኖሮ፣ «ፈጀበት» ብለን ብናስተምር ኖሮ፣ ስሕተቱ ባልተፈጠረ ነበር።

አራተኛው ጭራ ያላት «ቴክ» ናት፤ «ቴክ ኦፍ»፣ «ቴክ አውት»፣ «ቴክ ባክ»፣ «ቴክ አፍተር»። ጫማ ሲሆን «ኦፍ» አወለቀ ነው፤ አውሮፕላን ሲሆን ተነሣ ነው። ስሙ መሐልም ዳርም ይገባል፤ «ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ»፣ «ቴክ ዩር ሹዝ ኦፍ»፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። በተውላጠ ስም ግን መሐል ብቻ ነው፤ «ቴክ ዜም ኦፍ»። «ቴክ ኦፍ ዜም» ስሕተት ነው። «ቴክ አፍተር» ግን አይከፈልም። እናቷን ትመስላለች ለማለት «ሺ ቴክስ አፍተር ኸር ማዘር» ይባላል፣ ተውላጠ ስሙም ዳር ይቀራል፤ እዚህ «አፍተር» መስተዋድድ ስለሆነ ከተከታዩ ስም አይለይም።

አሁን ወደ ክፍል እንግባ፤ 40 ደቂቃ አላችሁ። ከክፍለ ጊዜው በፊት ከልጆቹ ከራሳቸው መጻሕፍት፣ ከእንግሊዝኛው ብቻ ሳይሆን ከፊዚክሱ፣ ከሒሳቡና ከባዮሎጂው፣ ግሷ ያለችባቸውን 6 ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ምረጡ። ከ7 አይብለጥ፤ 10 ሲሞላ ልጆቹ ማወዳደር ትተው መገልበጥ ይጀምራሉ። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ዓረፍተ ነገሮቹን ያለ ትርጉም ሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ በየወንበሩ ያሉት ልጆች እንደ ቡድን ተነጋግረው «እዚህ ላይ እኛ ምን እንላለን?» የሚለውን ይመልሱ። «ቴክ ምን ማለት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ከጠየቃችሁ ከስልሳው ተማሪ ስልሳው «ወሰደ» ይላችኋል። ቀጣዮቹን 15 ደቂቃዎች ዓረፍተ ነገሮቹን በአራቱ ክፍል መደልደያ አድርጓቸው። ልጆቹ ሲከራከሩ ፈጥናችሁ አትዳኙ፤ የሚገባቸው በክርክሩ ነው። ከዚያ 10 ደቂቃ ስለ ቤታቸው ይጻፉ፦ ከቤት ትምህርት ቤት ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ውኃ መቅዳት ስንት ይፈጃል፣ ማንን ትመስላለህ፣ በምን ትሄዳለህ። የቀረው 5 ደቂቃ ለማንበብ ነው። በማግስቱ 3 ደቂቃ፣ በሳምንቱ 3 ደቂቃ፣ በወሩ 3 ደቂቃ ተመለሱባት። ካልተመለሳችሁ ትረሳለች።

ደብተሩ ከጀርባው ይከፈት። አንድ ገጽ ለአንድ ግስ ይሁን። ቴክ፣ ጌት፣ ሜክ፣ ዱ፣ ሃቭ፣ ጎ፣ ካም፣ ፑት፣ ሴት፣ ራን፤ አሥር ገጽ ነው፣ ለዓመት ይበቃል። የሚጻፈው ቃሉና ፍቺው አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ፣ የተገኘበት መጽሐፍና ገጹ ነው።

ፈተናውም ይቀየር። «ቴክ ሚንስ» ብሎ አራት ምርጫ የሚደረድር ጥያቄ ከእንግዲህ አይውጣ። ባዶ ቦታ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስጡ፤ ለግሱ ቅርጽ ግማሽ፣ ለባልንጀራው ግማሽ ነጥብ ያዙ። «ቴክድ» እና «ሃቭ ቱክ» የሚጽፈውን ልጅ ዜሮ አትስጡት፤ ባልንጀራውን ካወቀ ግማሹን አግኝቷል።

ሱፐርቫይዘሮች፣ ስለ እናንተ አንድ ነገር ብቻ። ክፍል ገብታችሁ «ዛሬ ስንት ቃል አስተማርክ?» እያላችሁ የምትጠይቁ ከሆነ መምህሩ ነገም 20 ቃል ይገለብጣል። ልጆቹ በዚያ ክፍለ ጊዜ ስንት ዓረፍተ ነገር ራሳቸው እንደጻፉ ጠይቁ። ደብተር ሰብስባችሁ አንብቡ።

መዝገበ ቃላትን በተመለከተ፣ ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹን በዓረፍተ ነገር እያስደገፈ ነው የሚሰጠው። ቤተ መጻሕፍታችሁ ውስጥ ካለ ከመደርደሪያው አውርዱት። በስልክ የሚፈልግ ልጅ መጀመሪያ የወጣለትን ፍቺ ይዞ እንዳይሮጥ፣ ምሳሌዎቹን አንብቦ የእሱን ዓረፍተ ነገር የሚመስለውን እንዲመርጥ አሳዩት።

ከሻይ በኋላ በየወረዳችሁ ትቀመጣላችሁ። የዘጠነኛ ክፍል የፊዚክስና የሒሳብ መጻሕፍት በየጠረጴዛው አሉ። ከሁለቱም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ገልጣችሁ «ቴክ» ያለችበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ከነገጹ ጻፉ፤ በአራቱ ክፍል ደልድሉ፤ ከየክፍሉ ሁለት ሁለት መርጣችሁ እስከ ምሳ አምጡ። ከሰዓት በኋላ ተባዝቶ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ቅጂ ይሰጣል፤ መስከረም ላይ ክፍል ይዛችሁት የምትገቡት እሱን ነው። አመሰግናለሁ።