«ጣሪያውስ ተመቸሽ?»

እንደምን አመሻችሁ። የልብስ ማጠቢያ ሱቄን ዘግቼ ነው ድምፄን የምቀዳው፤ ማጠቢያ ማሽኔ ሙሽሪት ብቻ የመጨረሻ ዙሯን እየጨረሰች ነው። ጩኸቷን ታውቁታላችሁ፤ ካለ እሷ ቀድቼ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ስለ ሳሙና ላወራችሁ ቃል ገብቼ ነበር። ይቆየኝ። ማክሰኞ ዕለት ጋሼ አንድ ነገር ተናግረውኝ ሄዱ፤ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ጋቢያቸውን ይዘው ገቡ። እንደ ሁልጊዜው በአራት አጥፈው፣ በፌስታል አድርገው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና 250 ብር ቆጥረው ሰጡኝ። አከራዬ ሆነው አንድም ቀን «በነጻ እጠቢልኝ» ብለው አያውቁም፤ ይህን ደጋግሜ ነግሬአችኋለሁ። ደረሰኙን እየጻፍኩ፣ እስክሪብቶው ገና ወረቀቱ ላይ እያለ፣ «ልጄ፣ ከመስከረም አንድ ጀምሮ ኪራዩ ስድሳ ሺህ ይሁን» አሉኝ። አሁን የምከፍለው 45 ሺህ ነው። እኔም «እሺ ጋሼ» አልኩ። ትንፋሽ እንኳን አልወሰድኩም። ደረሰኙን ቆርጬ ሰጠኋቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉና «ጣሪያውስ ተመቸሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «በጣም ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። ወጡ።

በቃ፣ የሆነው ይህ ነው። ግን ያ የመጨረሻው ጥያቄ ምን ማለት ነው?

ነሐሴ ነው። ልብስ የማሰጣበት ጣሪያ ከሰኔ ጀምሮ ባዶውን ነው ያለው፤ ገመዱ ላይ ቁራ ካልሆነ የሚሰፍርበት የለም። እርሳቸው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፣ ያውቁታል። ታዲያ በክረምት ስለ ጣሪያ የሚጠየቀው ለምንድን ነው?

ጣሪያው ውሉ ላይ የለም። ሱቁን የተከራየሁ ጊዜ «ውጪና አስጪ» አሉኝ፣ ወጥቼ አሰጣሁ፣ በዚያው ቀጠለ። ያ ቃል በገንዘብ ሲተመን ስንት እንደሆነ ማክሰኞ ማታ ደብተር ዘርግቼ አሰላሁት። አሥር ኪሎ ልብስ ከተጨመቀ በኋላ ስድስት ሊትር ያህል ውሃ ይዞ ይወጣል። አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን ከ0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ማድረቂያ ሙሉ ልብስ፣ ማሽኑ የሚያባክነው ሳይቆጠር፣ ወደ አራት ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ፀሐይ ስትወጣ ግን ይህ ሁሉ በነጻ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በቀን ስምንት፣ ዘጠኝ ጊዜ ሙሉ ልብስ እንደማሰጣ አስቡት።

ስለ መብራት ካነሳሁ አይቀር፣ መብራት አያስፈራኝም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንደሚሄድ አስቀድሞ ተነግሮናል። ያማል፤ ግን ቀኑ የታወቀ ሕመም ነው፣ ደብተር ላይ ይጻፋል። ደግሞ የሚቀነስበት መንገድ አለ። 15 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ወደ 30 ከሆነ 0.2 ይበቃዋል። ስለዚህ አንሶላና የምግብ ቤት ጨርቅ ካልሆነ በቀር በ60 አላጥብም። ተኳሻችንም ሸሚዙን ሁሉ ሰብስባ ባንድ ጊዜ ትተኩሳለች፤ ካውያው ሲግልና ሲበርድ አይውልም። የራሴ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ አለኝ፤ የበላሁትን ነው የምከፍለው።

ውሃው ነው የሚያበሳጨኝ። ሕንጻው ያለው አንድ ቆጣሪ ነው፤ እኔ፣ ጸጉር ቤቱ፣ ምግብ ቤቱና ፎቅ ላይ ያሉት ሁሉ በእሱ እንጠቀማለን። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሜትር ኪዩቡም ዋጋ ስለሚጨምር፣ የሁላችን ተደምሮ ከፍተኛው እርከን ላይ ያርፋል። ከዚያ ሒሳቡ ሲመጣ ሁሉም ዓይን ወደ እኔ ነው። ባለ ጸጉር ቤቱ «አንቺ ነሽ የጠጣሽው» ይለኛል። በእርግጥ አብዛኛውን የምጠቀመው እኔ ነኝ፣ አልክድም። ግን ፈረቃው ሳይደርሰን ሲቀር በቦቴ አስመጥቼ ሮቶውን የምሞላው እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ የምግብ ቤቱ ሰዎች ከማን ሮቶ ነው የሚቀዱት? ለየብቻችን ንዑስ ቆጣሪ እናስገባ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠይቄአለሁ። ጋሼ «እናያለን» ብለዋል።

እናያለን።

ወንድሜ «ሕግ አለ፣ እንደፈለጉ መጨመር አይችሉም» ይለኛል። የሚለው አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ነው። ያ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ነው፤ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል፣ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ጭማሪ የለም የሚለው ለመኖሪያ ቤት ነው። ሱቅ አይመለከተውም። የእኔን ሕግ ያወጣነው እኔና ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ነን፤ እኔም «እሺ» ብዬ ፈርሜበታለሁ።

ለምን እሺ አልኩ? ይህን አራት ቀን ሙሉ አገላብጬዋለሁ። አንዳንዴ ጣሪያውን ፈርቼ ነው እላለሁ። ግን «እሺ» ስል እኮ ጣሪያውን ገና አላነሱትም! ያነሱት በር ላይ ከደረሱ በኋላ ነው። ምናልባት የፈራሁት ራሴ ነኝ፣ እርሳቸውም ፊቴ ላይ አይተውት ይሆናል። ወይም ደግሞ ጨመርኩባት ብለው ከብዷቸው ደህና ቃል ሊጥሉልኝ ፈልገው ነው። ሰው ኪራይ ጨምሮ ዝም ብሎ አይወጣም፤ አንድ ነገር ይላል። ባለፈው ዓመት ብር ተዳክሞ የሙሽሪት ኩሽኔታ ዋጋ እጥፍ ሲሆን የሁለት ወር ኪራይ አዘግይቼ ነበር። አንድም ቀን አልጠየቁኝም። እንዲህ ያለ ሰው በጣሪያ ያስፈራራል? አያስፈራራም። ማለቴ… አይመስለኝም።

ሁለት መልክ ያለው አንድ ጥያቄ ነው። ጠዋት ስነሳ ደግነት ይመስለኛል፤ ማታ ደብተሩን ስዘረጋ ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

ሙሽሪት ጨረሰች፤ ሰማችኋት?

ጋቢው እዚሁ ነው፤ በሁለቱ ማሽኖች መካከል ገመድ ወጥሬ ሰቅዬዋለሁ። ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ጥለቱ አሁንም እርጥብ ነው። ማድረቂያ ውስጥ ባስገባው ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን የእጅ ፈትል ነው፣ ይኮማተራል፤ በዚህ ጋቢ ላይ አላደርገውም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሊለብሱት ይፈልጉታል። ቅዳሜ ይዤላቸው ስወጣ እነግራቸዋለሁ ብዬ እየተለማመድኩ ነው። «ጋሼ፣ ስድሳውን እከፍላለሁ፤ ግን ጣሪያው ውሉ ላይ ይጻፍልኝ።» ይህ ደግሞ አላመንኩዎትም ማለት ይሆናል። «ጋሼ፣ ውሉን ስናድስ የውሃ ቆጣሪውንም ጣሪያውንም…» አይ፣ ይህም ተደራረበ። «ጋሼ፣ ያን ዕለት ስለ ጣሪያው ሲጠይቁኝ…»