ሳር ሳር የሚለው ሲጋር

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከሥራ ገና መግባቴ ነው። ሸሚዜ ትንባሆ ትንባሆ ይሸታል። ሳምንቱን ሙሉ በሆዴ ይዤው የዞርኩት ነገር ስላለ ልብሴን ሳልቀይር ማይኩ ፊት ተቀመጥኩ።

አዲስ ለምታዳምጡኝ፣ የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የሲጋር ሱቅ ነው። ሰባት ዓመት ሆነኝ። ከኋላ በኩል ሰዎች ተቀምጠው የሚያጨሱበት ሰፊ ክፍል አለን። ሲጋር ነው ያልኩት፣ ሲጋራ አላልኩም። አገር ቤት ስደውል እናቴ ሁለቱን አንድ ታደርግብኛለች። ሲጋራ ወረቀት የለበሰ ነው። በእጅ የሚጠቀለል ጥሩ ሲጋር ግን ከውስጥ እስከ ውጭ ቅጠል ብቻ ነው። መሃሉን የሚሞላ ቅጠል አለ፣ እሱን ጠቅልሎ የሚይዝ ቅጠል አለ፣ ከላይ ደግሞ እንደ ልብስ የሚሸፍነው ቅጠል አለ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ደንበኞች ከአንድ ሳጥን አንዳንድ ሲጋር ወሰዱ። ሮቡስቶ የሚባለው መጠን ነው። ርዝመቱ 5 ኢንች፣ ውፍረቱ 50። ይሄ 50 የሚባለው ቁጥር በኢንች 64ኛ ስለሚለካ፣ ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይጠጋል ማለት ነው። የላይኛው ቅጠል ስስ ነው፣ መልኩ ወተት የበዛበት ማኪያቶ ይመስላል። የተጠቀለለው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው። ለስላሳ ከሚባሉት ወገን ነው።

አንደኛው አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ጠራኝ። «ይሄ ምንም የለውም። ሳር ሳር ይላል» አለኝ። ሁለተኛው ከጎኑ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። «ቅቤ የተቀባ ዳቦ ነው» አለ። «መጨረሻው ላይ ደግሞ ለውዝ ይመጣል።» ተያዩ። ከዚያ ክርክሩ ተነሳ፣ ክፍሉ በሙሉ ገባበት።

እኔ ዝም ብዬ እጃቸውን አየሁ። የመጀመሪያው ስልኩን እያየ በየአሥር ሰከንዱ ይስባል። እሳቱ እንደ ከሰል ፍም ቀልቷል። ሲጋሩን ተቀብዬ መሃሉን ስነካው ይሞቃል። ጠረጴዛው ላይ ውስኪ አለ፣ ከጎኑ የሚያቃጥል የዶሮ ክንፍ የበላበት ሳህን አለ። ሁለተኛው ውሃ ብቻ ነው የያዘው። አንዴ ይስባል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያወራል፣ ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንደገና ያነሳዋል። አመዱ ነጭና ጠንካራ ሆኖ የአውራ ጣት አንድ አንጓ ያህል ረዝሟል፣ አልረገፈም።

ስለ ለስላሳ ሲጋር የሚሰጠው አስተያየት ለምን እንዲህ እንደሚራራቅ ያን ቀን በደንብ ገባኝ። «ባዶ ነው» የሚሉት ሰዎች አይዋሹም። ምላሳቸው የነገራቸውን ነው የሚናገሩት። ግን ኃይለኛ ሲጋር በጥድፊያ ሲያጨሱትም በርበሬ በርበሬ የሚለው ጣዕሙ ይሰማል። ለስላሳው ከተጣደፉበት ይቃጠላል፣ የሚቀረው መራራ ጭስ ነው።

ሌላው ነገር፣ ጉልበትና ጣዕም ተምታተውብናል። ጉልበት ኒኮቲኑ ነው፣ ራስ ላይ የሚወጣው። ጣዕም ሌላ ነው። የትንባሆ ተክል ላይ ከላይ ያሉት ቅጠሎች ሊጌሮ ይባላሉ። ፀሐይ በብዛት የሚያገኙት እነሱ ናቸው፣ ወፍራምና ኃይለኛ ናቸው። መሃል ላይ ያሉት ሴኮ ናቸው፣ መዓዛው በብዛት ከነሱ ነው። የታችኞቹ ቮላዶ፣ ቶሎ ስለሚነዱ እሳቱን ያግዛሉ። ለስላሳ ሲጋር ሲዘጋጅ ሊጌሮው ይቀነሳል። መዓዛው ግን አብሮ መቀነስ የለበትም። የባለሙያው ችሎታ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ቡና ላስታውሳችሁ። እናቴ ቡና ስትቆላ ከምጣዱ አጠገብ አትርቅም ነበር። ትንሽ ካለፈ «አረረብኝ» ትላለች፣ እውነትም ያዘነች ይመስላል። ካረረ በኋላ የይርጋጨፌ ይሁን የሌላ፣ ጥሩ ይሁን የተበላሸ ፍሬ፣ መለየት ያስቸግራል። ቀለል ተደርጎ የተቆላ ቡና ግን ጉዱን ሁሉ ያወጣል። ለስላሳ ሲጋርም እንዲሁ ነው። ቅጠሉ በደንብ ካልተብላላና ካላረፈ የአሞኒያ ሽታው አፍንጫን ይወጋል፣ የሚሸፍንለት በርበሬ የለም። ሲጋሩን የሚጠቀልለው ሰው ቅጠሉን አጥብቆ ከሞላው ጭሱ አይመጣም። ላልቶ ከተሞላ ደግሞ ቶሎ ነዶ ይሞቃል። ስለዚህ ጥሩ ለስላሳ ሲጋር ሳገኝ ብዙ ሰው በጥንቃቄ የደከመበት ነው ብዬ አከብረዋለሁ።

የላይኛው ቅጠል ታሪክ ራሱ ደስ ይለኛል። ኮኔቲከት ሼድ ይባላል። ሼድ ጥላ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ኮኔቲከት በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ውስጥ፣ ዊንድዘር በምትባል ከተማ፣ ገበሬዎች ማሳው ላይ ስስ የጥጥ ጨርቅ እንደ ድንኳን ዘርግተው ትንባሆ ማብቀል ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ከኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት የሚመጣው ስስ ቅጠል ገበያውን ወስዶባቸው ነበር። ጨርቁ ፀሐዩን ያለዝባል፣ እርጥበቱን ይይዛል። ቅጠሉም ስስ ይሆናል፣ ደም ስሩ አይጎላም። ሲለቀም ከታች ጀምሮ ቅጠል በቅጠል ነው። ያደከመኝን ሥራ ሁሉ ሳስብ እነዚያ ለቃሚዎች ይታወሱኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከለቃሚዎቹ አንዱ ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ክረምት፣ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ሳለ፣ ኮሌጅ ለመግባት ገንዘብ ለማጠራቀም ከአትላንታ ሲምስበሪ ወደምትባል ከተማ ሄዶ ትንባሆ ማሳ ላይ ሠራ። ከዚያ ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ ጥሩ ምግብ ቤት ገብቶ እንደበላ ነግሯታል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁር ሰው ነጮች የሚበሉበት ምግብ ቤት መግባት በማይችልበት ዘመን ማለት ነው። ይህን ለደንበኞቼ ስነግራቸው ብዙዎቹ እጃቸው ላይ ያለውን ሲጋር እንደገና ያዩታል።

አሁን «ኮኔቲከት» ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው የሚበቅለው ኢኳዶር ነው። ዘሩ የኮኔቲከት ነው። እዚያ ደመናው ራሱ ጥላ ስለሚሆን ጨርቅ አያስፈልግም። ልዩነቱን ምላሴ ላይ አውቀዋለሁ ብዬ አምናለሁ፦ የኮኔቲከቱ ደረቅ ያለ ነው፣ ሳሩና ዝግባው ይሰማል። የኢኳዶሩ ቅባት አለው፣ ክሬም ክሬም ይላል። ሌላ ሰው ላይስማማ ይችላል።

ስም ጥሩልን ለምትሉኝ። ማካኑዶ ካፌ የሚባለው ሲጋር ላይ ቆየት ያሉ አጫሾች «ይሰለቻል» ይላሉ። እኔ ጥቅሙን አይቻለሁ፣ ሁልጊዜ ያው ነው፣ አያታልልም። አሽተን ክላሲክ ከቡና ጋር ጠዋት ይሄዳል። ዳቪዶፍ ላይ ግን ክፍላችን ለሁለት ይከፈላል። ዳቪዶፍ እስከ እ.ኤ.አ. 1990 አካባቢ ሲጋሩን ኩባ ነበር የሚያስጠቀልለው፣ ከዚያ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ዞረ። ጣዕሙ ውስጥ እንጉዳይ አለ ይላሉ። አንዱ ለዚያ እንጉዳይ ሲል ውድ ዋጋ ይከፍላል። ሌላው «የተዘጋ ምድር ቤት ይሸተኛል» ብሎ ያስቀምጠዋል። ሁለቱም ያን አንድ ነገር ነው የቀመሱት።

ጋሼ የምላቸው አንድ ሐበሻ ደንበኛም አሉኝ። ልጅ ሆነው ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በምትባለው የኩባ ደሴት ከተማሩት ናቸው፣ ስፓኒሹ እስከ ዛሬ አልጠፋቸውም። «አስተማሪዎቻችን የሚያጨሱት ነው ሲጋር። ይሄ የናንተ የሕፃን ነው» ይሉኛል። የኩባውን ደግሞ አሜሪካ በኩባ ላይ በጣለችው ማዕቀብ ምክንያት እዚህ መሸጥ አንችልም። «ጋሼ፣ ኩባም እኮ ለስላሳ አላት፣ ኦዮ ደ ሞንቴሬይን ይጠይቁ» አልኳቸው። አንድ ቀን ከፍሎሪዳ የመጣ ዘመዳቸው ሳጥን ሙሉ ለስላሳ ሲጋር ሰጥቷቸው ይዘው መጡ። የብርዱን ወራት ሙሉ ማሞቂያው አጠገብ ነበር የተቀመጠው። አንዱን አንስቼ በጣቴ ጫን ስለው የላይኛው ቅጠል እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ተሰነጠቀ። ዘይቱ አልቋል። ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል፣ ለዚህ ነው በዝግባ ሳጥን የሚቀመጠው። ጋሼ ያንን አጭሰው «ወረቀት ነው» አሉኝ። ከኛ ማስቀመጫ አንድ ለስላሳ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወደዱት አልልም፣ ግን እስከ ጫፉ አጨሱት።

ይህን ሁሉ እያወራሁ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ለስላሳ ማለት ጣዕሙ ነው እንጂ ጉዳቱ አይደለም። አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኬት ሲጋራ ያህል ትንባሆ ሊይዝ ይችላል። ጭሱን ባይውጡትም ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ ይገባል። የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል። ወጣት መጥቶ «ለስላሳ ስጠኝ፣ እንዳይጎዳኝ» ሲለኝ ይህንኑ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። አጭሶ ለማያውቅ ሰው ጀምር ብዬ አላውቅም።

ያ የቅዳሜው ሰውዬ ማክሰኞ ጠዋት ተመለሰ። ባዶ ሆዱን አልነበረም፣ ግን የሚያቃጥል ነገርም አልበላም። ቡና ይዟል። ያንኑ ሲጋር ጠየቀኝ። ስልኩን ኪሱ እንዲከት ነገርኩት፣ ሳቀና ከተተው። ግማሹ ላይ ሲደርስ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። «ሳሩ አልጠፋም» አለኝ። ከዚያ አንዴ ስቦ ዝም አለ። «ግን ቅድም የተቆላ ለውዝ ነበር፣ አሁን ደግሞ ሄደ።» ይመጣል፣ ጠብቀው አልኩት። ሌላ ደንበኛ ስለጠራኝ ሄድኩ። ስመለስ አሁንም እየጠበቀ ነበር።

በሉ ወዳጆቼ፣ የሳምንት ሰው ይበለን። ቸር ሰንብቱ።