ጥቁር ጉድጓድ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል?

[ምስል፦ ፀሐይ ትጠፋለች፤ መሬት መዞሯን ትቀጥላለች]

ፀሐይን አንስተን በቦታዋ እኩል መጠነ ቁስ ያለው ጥቁር ጉድጓድ (ብርሃን እንኳ የማያመልጠው እጅግ የታመቀ አካል) ብናስቀምጥ መሬት ምን ይገጥማታል? ብዙ ሰው «ተስባ ትገባለች» ብሎ ይመልሳል። አትገባም! ከስምንት ደቂቃ ገደማ በኋላ ይጨልምብናል፤ ቅዝቃዜውም የሚቻል አይሆንም። መሬት ግን በዚያው ምህዋሯ፣ በዓመት አንዴ መዞሯን አታቋርጥም። የስበት ኃይል የሚወሰነው በመጠነ ቁስና በርቀት ነው፤ ሁለቱም ደግሞ አልተለወጡም።

የተለወጠው ስፋቱ ብቻ ነው። ፀሐይ ጥቁር ጉድጓድ እንድትሆን ከመሃል እስከ ዳር 3 ኪሎ ሜትር እስኪቀራት መታመቅ አለባት። መሬት ብትሆን ብይ ታክላለች። ፀሐይ በራሷ ጊዜ እዚህ አትደርስም፣ መጠነ ቁሷ አይበቃም፤ ስለዚህ በዚህ በኩል ስጋት አይግባችሁ።

[ምስል፦ የኤስ 2 ምህዋር]

ጥቁር ጉድጓድ የቀረበውን ሁሉ እንደማይውጥ በዓይን የሚያሳይ ማስረጃ አለ፤ እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝም እሱ ነው። በእኛ ጋላክሲ፣ በፍኖተ ሐሊብ፣ እምብርት ላይ ሳጂታሪየስ ኤ ስታር የሚባል ጥቁር ጉድጓድ አለ። ከ4 ሚሊዮን ፀሐዮች በላይ ይመዝናል። ኤስ 2 የተባለች ኮከብ ደግሞ በ16 ዓመት አንድ ጊዜ ትዞረዋለች። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 2010 ዓ.ም. ላይ በጣም ቀረበችው፤ በመካከላቸው የነበረው ርቀት መሬት ከፀሐይ ያላትን ርቀት 120 ጊዜ ያህል ነበር። በሰከንድ ከ7,000 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረች ታጥፋ ወጣች። አልተዋጠችም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ አንድሪያ ጌዝና ራይንሃርት ጌንዘል ቡድኖቻቸውን ይዘው እነዚህን ኮከቦች ለአሥርተ ዓመታት ተከታትለዋል፤ በ2013 ዓ.ም. መስከረም የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከሮጀር ፔንሮዝ ጋር የተጋሩትም በዚህ ሥራቸው ነው።

ታዲያ የሚገባውስ ምንድን ነው? በአብዛኛው ጋዝ ነው። ጋዝ ሲዞር እርስ በርሱ ይፋተጋል፣ ይግላል፣ ጉልበቱን እያጣ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይወርዳል። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በወጣው፣ ኤም 87 በተባለ ሌላ ጋላክሲ መሃል ባለው ጥቁር ጉድጓድ ፎቶ ላይ ያያችሁት ብሩህ ቀለበት የዚህ የጋለ ጋዝ ብርሃን ነው። ጥቁሩ መሃል የጉድጓዱ ጥላ ነው።

ጥቁር ጉድጓድ ግድግዳም ሆነ ጠንካራ ገጽ የለውም። ያለው የክስተት አድማስ የሚባል ድንበር ነው፤ እሱን ያለፈ ነገር፣ ብርሃንም ቢሆን፣ አይመለስም። «የተጠጋው ሰው ወዲያው ተወጥሮ ይበጣጠሳል» የሚባለውም ለሁሉም አይሠራም። ፀሐይን አሥር እጥፍ በሚመዝን ጥቁር ጉድጓድ፣ በእግርና በራስ መካከል ያለው የስበት ልዩነት ሰውን ገና አድማሱ ጋ ሳይደርስ ይበጣጥሰዋል። 6.5 ቢሊዮን ፀሐዮችን በሚመዝነው በኤም 87 ጥቁር ጉድጓድ ግን ልዩነቱ እዚያ ላይ እጅግ ትንሽ ስለሆነ አድማሱን ሲሻገር ምንም አይሰማውም። መበጣጠሱ የሚመጣው ካለፈ በኋላ፣ ወደ መሃሉ ሲቃረብ ነው።