ለልብ ሰቀላም ቦታ ስጡልኝ

(በቃሊቲ፣ በሰፈራችን የንባብ ክፍል መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበሩ የዕድራችን ሰብሳቢ፣ የኮሚቴ አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ እናንተም ከፊት የተቀመጣችሁ ልጆቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የካቲት 6 ነው። ይህን ቀን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴው «አንድ ቀን ገፋ አድርገን ቅዳሜ ብናደርገውስ?» ብሎኝ ነበር። እንቢ አልኩ። ለምን እንቢ እንዳልኩ ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ምስጋናውን ላስቀድም። ዕድራችን ድንኳኑን፣ ድስቱንና አግዳሚ ወንበሩን ወደ አንድ ጥግ ሰብስቦ ይህን ክፍል ለልጆቻችን ለቋል። መደርደሪያውን የሠራልን የሰፈራችን አናጢ የእጁን ዋጋ አልተቀበለም። ኑሩልን።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ።

ባለፈው ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። «የትምህርት መጻሕፍት ይግቡ፣ ልብ ወለድ ግን ይቅርብን። በተለይ ያ ልብ አንጠልጣይ የሚባለው ልጆቹን ያዘናጋል» ተባለ። ብዙዎቻችሁ «ልክ ነው» አላችሁ። እኔ ያን ቀን ዝም አልኩ። ስናደድ አልናገርም። ዛሬ ግን እናገራለሁ።

ስለ ደራሲ በዓሉ ግርማ ልንገራችሁ።

በዓሉ የተወለደው ኢሉባቦር ውስጥ፣ ሱጴ ነው። አባቱ ህንዳዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው። በልጅነቱ አዲስ አበባ መጥቶ ጄኔራል ዊንጌት ተማረ። ዩኒቨርሲቲ ገባ። አሜሪካ፣ ሚቺጋን ሄዶ ተምሮ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው በጋዜጣና በመጽሔት ቤት አለፈ ማለት ይቻላል። መነን መጽሔት፣ አዲስ ሪፖርተር፣ የእንግሊዝኛው ሄራልድ፣ አዲስ ዘመን፤ እነዚህን ሁሉ በአዘጋጅነት ሠርቶባቸዋል። በደርግ ጊዜ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ነበር።

ይህን ሁሉ እየሠራ ነው ልብ ወለድ የጻፈው። የመጀመሪያው «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ወጣ። ከዚያ «የህሊና ደወል» መጣ። ቀጥሎ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»፣ «ደራሲው»፣ «ሀዲስ»። በመጨረሻ በ1975 «ኦሮማይ»። በ13 ዓመት ውስጥ ስድስት ልብ ወለድ። መናኸሪያው አካባቢ መጽሐፍ በክንዳቸው ደርድረው የሚያዞሩትን ልጆች እስቲ ጠይቋቸው። ዛሬም ከእነዚህ አንዱ አይጠፋቸውም።

ጋዜጠኝነቱ ብዕሩን ስሎለታል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው። ሰዎቹ ሲነጋገሩ እውነት የሚነጋገሩ ይመስላሉ። ምዕራፉን የሚዘጋው ደግሞ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው፤ ሳትገቡ ማለፍ አትችሉም። እኛ የአማርኛ መምህራን ይህንን «ልብ ሰቀላ» ብለን እናስተምራለን። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አለ፣ በፈተናም ይመጣል። የሚገርመኝ ይኼ ነው። ትርጉሙን ለፈተና እናስሸመድዳለን፣ መጽሐፉን ግን አታንብቡ እንላለን።

ወደ ኦሮማይ ልምጣ። በ1974 ደርግ የኤርትራውን ሻዕቢያ ለመደምሰስ አስመራ ላይ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ጀመረ። በዓሉም በማስታወቂያ ሥራ ወደዚያው ሄደ። ያየውን ይዞ ተመለሰና ልብ ወለድ አደረገው። ጸጋዬ ኃይለማርያም የሚባል ጋዜጠኛ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ አስመራ ይሄዳል። እዚያ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። ከተማው ውስጥ ሰላይ ሰላይን ያድናል። ወዲያ ማዶ የሻዕቢያ ምሽግ የሆነው የናቅፋ ተራራ አለ። ኦሮማይ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ ወደ አስመራ ሰው አፍ የገባ ነው። «አበቃ፣ ከእንግዲህ ዋጋ የለውም» እንደ ማለት ነው። በዚያ ዘመን፣ ለዚያ ዘመቻ፣ ይህን ርዕስ መስጠት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ትልልቆቹ ታውቁታላችሁ።

መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉም ከሥራው ተባረረ።

አሁን የራሴን ላውጋችሁ።

በ1976 ክረምት ማትሪክ ጨርሼ ውጤት እጠብቃለሁ። ታላቅ ወንድሜ አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። አንድ ማታ ከሥራ ሲገባ ከካፖርቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ጋዜጣው አዲስ ዘመን ነበር። ውስጡ ያለው ኦሮማይ ነው። ሙሉው ግን አይደለም። ጥራዙ ተፈትቶ ለሦስት ተከፍሏል። አንድ መጽሐፍ ሦስት ቤት በአንድ ጊዜ እንዲያነበው ነው። ለእኛ መጀመሪያ የደረሰን ሦስተኛው ክፍል ነው። መጨረሻው!

ለሁለት ሌሊት ተሰጠን። እናቴ ማታ መብራት ካየ አብዮት ጥበቃው ይጠረጥራል ብላ አምፖሉን አጠፋች። ኩራዝ ለኮሰችልኝ። መጽሐፉን ያሳተመውም ድርጅት ኩራዝ ነበር የሚባለው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሳነብ አየችኝ፣ አየችኝና «እኔስ?» አለች። ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩላት። እነማን እንደሆኑ አናውቅም፣ ከየት እንደመጡ አናውቅም፤ ግን ተያዝን። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ጨርሰን ወንድሜ ጠዋት ይዞት ሄደ።

በሳምንቱ አንደኛው ክፍል መጣ። አሁን መጀመሪያውንም መጨረሻውንም እናውቃለን። መሐሉ ነው የቀረን። መሐሉ ሌላ ቤት ነው ያለው። ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። እናቴ ቡና እየቆላች «ያቺ ልጅ እንዴት ብላ ነው እዚያ የደረሰችው?» ትለኛለች። ፊያሜታን ማለቷ ነው። ወንድሜ በር ሲያንኳኳ «እንዴት ዋልክ» ከማለቷ በፊት «መጣ?» ትላለች። ጋዜጣ የማታነብ ሴት ነች። ስለ ዘመቻው በሬዲዮ ሲለፈፍ ሰምታለች፣ ዞር ብላ ግን አታውቅም። ያን ሰሞን ግን «ናቅፋ የት ነው? ልጆቹስ ስንት ናቸው የሄዱት? እናቶቻቸው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሰፈራችን የዘመቱትን ልጆች በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ብዙ ቆየች።

በዘጠነኛው ቀን መሐሉ መጣ። ለአንድ ሌሊት ብቻ። እስኪነጋ አነበብን። እናቴ አንዴም አላንቀላፋችም።

አሁን እንግዲህ ንገሩኝ። «ልብ አንጠልጣይ ልጆችን ያዘናጋል» ያላችሁ፣ እናቴን ምን አደረጋት? አዘናጋት ወይስ ቀሰቀሳት?

ስለዚያ ዘመቻ ያኔ ብዙ ተጽፏል። ሪፖርት ተጽፏል፣ መግለጫ ተጽፏል፣ የድል ዜና ተጽፏል። አንዱንም በኩራዝ ብርሃን ያነበበ ሰው አላውቅም። አንዱንም ለሦስት ቆርጦ፣ በካፖርት ሥር ደብቆ ለጎረቤት ያደረሰ የለም። መንግሥት የፈራው ሪፖርቱን አልነበረም። የፈራው ሰው ጀምሮ ማቆም የማይችለውን መጽሐፍ ነው። አንባቢ «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» እያለ ገጽ ሲገልጥ እውነቱም አብሮት ይገባል። በዓሉ ይህን ያውቅ ነበር። አሰልቺ አድርጎ ጽፎት ቢሆን መጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣ ነበር፤ እሱም ምናልባት ሥራው ላይ ይቆይ ነበር። ጣፋጭ አድርጎ ጻፈው። ዋጋውን ከፈለ!

ታዲያ በሕይወት የተከፈለበትን ሙያ ነው እኛ «ጊዜ ማባከኛ» የምንለው? ነው ወይ?

አሁን ወደ ቀኑ። የካቲት 6 ቀን 1976 በዓሉ ከቤቱ ወጣ። አልተመለሰም። ቮልስዋገኑ የተገኘችው በዚሁ በእኛ በኩል፣ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር፤ ባለቤትና ልጆች ነበሩት። ዛሬ ልክ 42 ዓመት ሆነ። የት እንደደረሰ አልታወቀም።

ይህ መንገድ የእኛ መንገድ ነው። ጠዋት ታክሲ የምንጠብቅበት፣ ከባድ መኪና አቧራውን የሚያለብሰን መንገድ። ያኔ ዳር ነበር፣ ጭር ያለ። ዛሬ ባቡሩም መጥቶ የሚያበቃው ቃሊቲ ነው። እንግዳ ሲመጣ «መኪናው የቆመው የቱ ጋ ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ማን ወሰደው፣ ማን አዘዘ፣ ማን አየ፤ ወሬው ማለቂያ የለውም። ጠያቂው ትክክል ነው፣ መታወቅ ያለበት ነገር ነው። ግን እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። «ከመጽሐፎቹ የትኛውን አነበብክ?» እላለሁ። አብዛኛው ዝም ይላል። ሰውየውን ሁለት ጊዜ ያጣነው ይመስለኛል። አንዴ በዚያ ቀን። ሁለተኛው ደግሞ አሟሟቱን እያወራን ሥራውን ስንረሳ። ይኼ ያንገበግበኛል።

በ2017 ኦሮማይ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ገዝቶ ያነበዋል። የቃሊቲ ልጅ ግን ከዚህ መደርደሪያ ላይ እንዳያገኘው ስብሰባ ተቀምጠን እንመክራለን።

በማስተምርበት አንድ ትምህርት ቤት የልብ ወለድ መጻሕፍት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው ነበር። ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ጋ ነው። «ይበላሻሉ» ይባላል። መጽሐፍ የሚበላሸው ሳይነበብ ሲቀር ነው! አንድ ተማሪ ነበረኝ። ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ አንድ አንቀጽ ሳይንተባተብ አያነብም። ከክፍል ይጠፋል። ከቤቴ አንድ ልብ አንጠልጣይ አምጥቼ ሰጠሁት። የበዓሉ አልነበረም፣ ተራ የወንጀል ታሪክ ነው። «እስከ ገጽ 20 አንብብና ካልወደድከው መልስልኝ» አልኩት። በሦስተኛው ቀን መጣና «ቲቸር፣ ሁለተኛ ክፍል አለው?» አለኝ። ያ ልጅ ዛሬ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የጅቡቲ መስመር ይሠራል። ጋላፊ ወረፋ ሲይዝ ይደውልልኛል። «ቲቸር፣ የያዝኩት አለቀ፣ ቀጥሎ ምን ላንብብ?» ይለኛል። እሱን ያሰነፈው የትኛው መጽሐፍ ነው?

ለወላጆች አንድ ነገር። ልጃችሁ መጽሐፍ ይዞ ሲያመሽ «ትምህርትህን ትተህ» አትበሉት። ማንበቡ ራሱ ትምህርት ነው። «ምን ላይ ደረስክ?» በሉት። እናቴ እንዲያ ነበር የምትለኝ።

ለኮሚቴው ደግሞ ይኼን ብቻ። መደርደሪያው አራት ደርብ ነው። ሦስቱ ለትምህርት መጻሕፍት ይሁን፣ አልከራከርም። አንዱን ደርብ ለልብ ወለድ ስጡኝ። ከታች ያለውን አይደለም፤ የልጆች ዓይን የሚያርፍበትን፣ ሁለተኛውን።

ይኸው በእጄ የያዝኩት ኦሮማይ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ እንደገና ሲታተም የገዛሁት ነው። ያን ቀን ወደ እናቴ ይዤው ሄድኩ። አርጅታ ነበር። ተቀበለችኝና በሁለት እጇ መዘነችው። ጀርባውን ዳበሰች። «አልተቆረጠም?» አለችኝ። አልተቆረጠም አልኳት። «እንግዲያው ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» አለች።

ዛሬ እዚህ አስቀምጠዋለሁ። የውሰት መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እስክሪብቶም አለ። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ለሁለት ሳምንት ነው። ማነው መጀመሪያ የሚፈርመው?

አመሰግናለሁ።